ከመሪው የጠፋው ዘይት

በኮሮናው ጊዜ ኤምሬትስ፣ አል ዐይን ከተማ፣ አንድ የቴምር እርሻ ውስጥ ትራክተር ነጂ ነበርኩ። የአሮጌው ትራክተር መሪ አልዞር አለኝ፤ ስታገለው ፓምፑ ይጮሃል። ሳየው የመሪው ዘይት ጎድሏል። ብሞላውም መልሶ ይጎድላል። መካኒኩ ያለው አቡ ዳቢ ነው፣ መንገዱ ደግሞ ተዘግቷል። ቱቦዎቹን ራሴ በጨርቅ ጠራርጌ አየሁ፤ ደረቅ ናቸው። ከሥር ያለው አሸዋም ንጹሕ ነው።

እንግዲያው ሌባ አለ አልኩ። ግቢው ውስጥ የምንኖረው እኔና አትክልተኛው፣ ጋሼ የምላቸው ያገሬ ሰው፣ ብቻ ነን፤ አሠሪያችን ካፊሉ ጠዋት ጠዋት ብቅ ብሎ ይሄዳል። አብሬያቸው መብላት ተውኩ። ሲጠይቁኝ በኮሮና አሳበብኩ።

አንድ ቀን ማልጄ ስወጣ፣ ጋሼ ትራክተሩ ሥር አጎንብሰው ጥቁር እርጥብ አሸዋ በአካፋ ያነሳሉ።

«ምን እየደበቁ ነው?» ብዬ ጮህኩባቸው።

«ዝግ በል፣ ካፊሉ እንዳይሰማህ» አሉኝ። «ሌሊት ከፊት ጎማዎቹ መሃል ሲንጠባጠብ ያድራል። ዘይት ያባክናል ብሎ እንዳያባርርህ በየጠዋቱ አነሳልሃለሁ። የምታውቀው መስሎኝ!»

ከሥር ገብቼ ሳይ፣ ጎማዎቹን የሚያዞረው ሲሊንደር ዘይቱን የሚይዝለት ጎሚኒ ተቀዷል። ስወጣ ጋሼ ቆመው ይጠብቁኛል። ይሞቃል እያልኩ ስረግመው የከረምኩትን የኮሮና ማስክ እስከ ዓይኔ ድረስ ሳብኩት።