ዜልማ መረብ ላይ ያወጣችው መስኮት

ባለቤቴ ዜልማ የዓሣ መረብ ሰፊ ነበረች። ካረፈች ሁለተኛ ክረምቷ ነው። በዚህ በሉዊዚያና ረግረግ ዳር ሽሪምፕ የሚባለውን ባለ ቅርፊት ትንሽ የባሕር እንስሳ የሚያሰግሩ ሰዎች ግን አሁንም በራችንን ያንኳኳሉ፤ «የዜልማ መስኮት ያለበት ይሁን» ይሉኛል። ዛሬ የምሰፋው እኔ ነኝ። መስኮቱ ግን የእሷ ነው።

ልጅ ሳለች በአባቷ ጀልባ ላይ ሽሪምፕ ትለቅም ነበር። መረብ ሲዘረገፍ አብዛኛው ሽሪምፕ አይደለም፤ ጣት የሚያህል ዓሣ ነው። ተለቅሞ እስኪያልቅ ይሞታል፤ ከዚያ በአካፋ ተዝቆ ወደ ባሕር ይጣላል። ያ አካፋ ከልቧ አልወጣም። ከተጋባን በኋላ፣ የተያዘው ሁሉ ከሚጠራቀምበት ከመረቡ ከረጢት ጣሪያ ላይ የእንቁላል ቅርጽ ያለው የብረት ቀለበት ሰፍታ መስኮት የመሰለ መውጫ አበጀች። ዓሣ ዋኝቶ ያገኘዋል፣ ሽሪምፕ ግን ውሃው እንደገፋው ወደ ኋላ ይሄዳል አለች።

የሚሞክርላት ጠፋ። በመጨረሻ ታላቅ ወንድሜን ኦቪድን ለምኜ እሺ አሰኘሁት። የኦቪድ ጀልባ በግራና በቀኝ ሁለት መረብ ትጎትታለች። በግራ የድሮውን፣ በቀኝ የእሷን አሰረና ሦስታችን ወደ ባሕር ወጣን።

«ስሚ ዜልማ፣ ሽሪምፔ ከጎደለ ይህን መስኮትሽን በቢላ ቆርጬ ነው የምጥለው። ከዚያ ወዲያ መጋረጃ ትሰፊያለሽ።»

«መጋረጃማ ለሚስትህ ሰፍቼላታለሁ፤ አንተ ነህ እስካሁን ያልሰቀልክላት» አለችው።

መጀመሪያ ስናወጣ በቀኙ መረብ ትንንሹ ዓሣ በግማሽ ቀንሷል። ሽሪምፑም ቀንሷል። ኦቪድ ቢላውን መዘዘ።

ዜልማ ግን መረቡ ሲሳብ ከጀልባዋ ኋላ ቆማ ውሃውን ስታይ ነበር።

«ቆይ! ጀልባዋን ለምን ቀጥ አደረግካት?»

«መቼ?»

«መረቡን ልትስብ ስትል ነዋ! ከረጢቱ ሲላላ ውስጡ ያለው ሁሉ ወደ ፊት ተመለሰ። ሽሪምፑ በመስኮቱ ሲወጣ በዓይኔ አየሁት።»

«አባቴም እንዲሁ ሲያቆም ነው የኖረው!»

«አባትህ ሲጋራ ሊለኩስ ነበር የሚያቆማት። አንተ ደግሞ አታጨስም።»

ሳቄ አመለጠኝ። ኦቪድ ዞረብኝ። «አንተ ምን ያስገለፍጥሃል?»

«እውነቷን ነዋ» አልኩት። አባታችን ጀልባዋ እየሄደች ክብሪት ለኩሶ አያውቅም ነበር።

ኦቪድ ቢላውን አላስገባም። «አንዴ ብቻ» ብሎ፣ እንድታየው መሪው አጠገብ አስቀመጠው።

ሁለተኛውን ስናወጣ ከረጢቱ እስኪነሳ ድረስ ጀልባዋን በዝግታ ነዳት፤ አላቆማትም። ለቅመን ስንጨርስ የግራውንና የቀኙን የሽሪምፕ ቅርጫት አንድ በአንድ አነሳ፤ አስቀመጠ፤ ደግሞ አነሳ። ክብደታቸው አልለይ አለው። በቀኝ በኩል ለአካፋ የተረፈው ዓሣ ትንሽ ነበር። ቢላውን አነሳና ለምሳ ካመጣነው ቋሊማ ቆርጦ የመጀመሪያውን ለእሷ ሰጣት።

ወደብ ስንደርስ ሰዎቹ መረቡን አይተው ተሳሳቁ። «ኦቪድ፣ አይጥ በላብህ እንዴ?»

«የወንድሜ ሚስት ሥራ ነው!» ብሎ ጮኸባቸው። «በደንብ ከለመናችኋት ለእናንተም ትቀድላችኋለች። ሲጋራ ማቆም ግን ግድ ነው!»

ዜልማ ያልሰማች መስላ ቦት ጫማዋን ታጥባለች። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ጆሮዋ ግን ኦቪድ ጋ ነበር፤ አንዱን ጫማ ሁለት ጊዜ አጠበችው።