ዘጠኝ ኪሎው አውራ

መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ ጥቁሩን መስኮት ከፍቶ ኮምፒውተርን በትእዛዝ ቃል የሚያሠራ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህን ስል የሚከፋው ካለ ይከፋው። ማንም አላስተማረኝም። አንድ መሥሪያ ቤት አርጅቷል ብሎ የጣለውን ኮምፒውተር ገዝቼ፣ አብሮት የመጣውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ፣ ክረምቱን ሁሉ ከእሱ ጋር ስጨቃጨቅ ከርሜ ነው የገራሁት። ከዚያ በኋላ አንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የሕትመት ቤት ከፈትኩ። በየመሥሪያ ቤቱ ያሉት ዲግሪ የያዙ ልጆች ማውዙ የተበላሸ ቀን ሥራ የለም ብለው ፀሐይ ሲሞቁ ይውሉ ነበር።

ዘመኑ የአንድ ለአምስቱና የሞዴል አርሶ አደሩ ዘመን ነው፤ ስብሰባ እንጂ ሥራ የማይታይበት። በእኛ አካባቢ የበግ ማሻሻያ ማኅበር ተቋቁሞ የየቤቱ ወንድ በግ፣ ከግልገል እስከ ጎልማሳ፣ ጆሮው ላይ ቁጥር እየተንጠለጠለለት ይመዘን ጀመር። ከባዶቹ ተመርጠው ለማኅበሩ እናት በጎች አውራ ይሆናሉ። የተመረጠ በግ ሁለት ዓመት አይሸጥም፣ አይታረድም።

በገና ጾም አንድ ጠዋት ጎረቤቴ የልጇን የጥር ሰርግ የጥሪ ወረቀት ልታጽፍ መጥታ አጠገቤ ተቀምጣለች። የማኅበሩ ባለሙያ፣ ደረት ኪሱ ላይ እስክሪብቶ የደረደረ ወጣት፣ ፍላሽ ይዞ ገባ።

«ጋሼ፣ ይቺን ቶሎ ያትሙልኝ፤ ከሰዓት ለስብሰባ ነው። የተመረጡት አውራዎች ናቸው።»

ዝርዝሩን ከፈትኩት። ሲያዩት ያምራል፣ በቀለም ተሰምሯል።

«አንደኛ የወጣው ስንት ኪሎ ነው?» አልኩት።

«ኮምፒውተሩ እኮ ነው የደረደረው።»

«ማን ደረደረው አላልኩህም።»

ጎንበስ ብሎ አየ። «ዘጠኝ።»

«ዘጠኝ ኪሎ! እናት በግ ላይ የሚወጣበትን መሰላልም ማኅበሩ ነው የሚያቀርብለት?»

ጎረቤቴ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች።

ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ለማወቅ አፍታም አልፈጀብኝም። ክብደቱን ሲያስገቡ ከቁጥሩ ኋላ «ኪሎ» የሚል ቃል ለጥፈውበታል፤ ማሽኑም ቁጥርነቱን ትቶ እንደ ፊደል አነበበው። እንደ ፊደል ሲነበብ መጀመሪያ የሚታየው ከፊት ያለው ነው። ዘጠኝ ከሦስት ይበልጣል፤ ስለዚህ 9 ከ31 በላይ ተቀመጠ። ይህን አንድ ሙሉ ኮሚቴ ተሰብስቦ አይቶታል። አጽድቆ ማኅተም መትቶበታል!

ሰንጠረዡን ወደ ተራ ጽሑፍ ቀይሬ ጥቁሩን መስኮት ከፈትኩ። «ሶርት» የምትለዋን የመደርደሪያ ትእዛዝ ጻፍኩና በአራተኛው ዓምድ፣ እንደ ቁጥር፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ አልኩት። አንዲት መስመር ናት። ልጁ «ምንድን ነው እሱ?» ብሎ ሳይጨርስ በጎቹ ሁሉ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። አንደኛ የወጣውን፣ የባለ ሠላሳ አንድ ኪሎውን የጆሮ ቁጥር ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩለት።

የጎረቤቴ ሳቅ ተቋረጠ።

«ጋሼ፣ እሱ የኔ በግ ነው።»

«እንኳን ደስ ያለሽ!»

«የምን ደስታ? ለሰርጉ ያሰብኩት እሱን ነው። ሌላ ምን አለኝ? እንደነበረ ይተዉት፤ ዘጠኝ ኪሎውን ይውሰዱ፣ እርስዎን ምን ቸገረዎት?»

«እኔ እያወቅሁ ስሕተት አላትምም።»

«እንግዲያው የሰርጉ ዕለት ቁጥር ይበላሉ!» ብላኝ ወጣች።

ባለሙያው ወረቀቱን ይዞ ሄደ። አመሰግናለሁ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። ስብሰባው ላይም «ባደረግነው ጥልቅ ማጣራት» እያለ ተናገረ አሉ። ጥልቅ ማጣራት! የማጣራቱ ጥልቀት የእኔ ጣት ነበረች።

ጎረቤቴ ግን ኮሚቴውን ቀደመችው። ሰዎቹ በጉን ሊረከቡ ደጇ ሲደርሱ ሞላሌ ገበያ ተሸጦ፣ በምትኩ ሁለት ከሲታ በጎች ታስረው አገኙ። ተቆጥተው ከማኅበሩ አሰናበቷት። ባለሙያው እያለከለከ እኔ ዘንድ መጣ።

«ጋሼ፣ አንደኛው የለም። እንደገና ይደርድሩልን።»

«ምኑን? አንደኛው ሲወጣ ሁለተኛው አንደኛ ነው። ለዚህም ኮምፒውተር ያስፈልግሃል?»

ቆሞ አሰበበት። እውነቴን ነው፣ ቆሞ አሰበበት።

ጥር መጣ። የጥሪ ወረቀት አልላከችልኝም፤ ነገር ግን ያተምኩት እኔ ነኝና ቀኑን አውቀው ስለነበር ነጭ ጋቢዬን ለብሼ ሄድኩ። ዳሱ ሞልቷል፤ ሙሽራዋ አምሮባታል። ጎረቤቴ ስታየኝ አስተናጋጆቹን ገፋ አድርጋ ወጡን ራሷ ይዛ መጣችና እንጀራዬ ላይ ገለበጠችልኝ።

«ይብሉ ጋሼ፤ ይሄ አልተመዘነም።»

ዙሪያዬን የተቀመጡት ሁሉ ሳቁ። ይሳቁ። በላሁ። ሥጋው ጅማት የበዛበት ነበር፤ እኔ ብደረድረው ከታች ከሚቀሩት ነው። ይህንኑ ነገርኳት። ደግማ ጨለፈችልኝ።