መኝታ ያላትን መኪና ልናይ የሄድን ቀን

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ገብስ በሚታጨድበት ሰሞን ነው። ጎረቤቶቼ «ተርፋችሁ የለ! አሁንም ታወሪዋለሽ?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ተርፈናል። እኔ ግን እስከ ዛሬ ቁልቁለት ላይ የቆመ መኪና ሞተሩን ሲያስነሳ ከሰማሁ ዞሬ ጎማው ስር ነው የማየው። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ስለዚህ ሳላሳምር እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

እኔና ባለቤቴ ግርማ የምንኖረው አሰላ ነው። ብርድ ልብስና ሹራብ ገበያ ለገበያ እያዞርን እንሸጣለን። በቆጂ፣ ዲክሲስ፣ ጢቾ፣ ገበያው በዋለበት ሁሉ እንሄዳለን። እቃችን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ ዝናብ ይመታዋል፤ እኛም ቁንጫ በሞላው አልጋ ቤት እናድራለን። ልጃችን ማህሌት አምስት ዓመቷ ስለሆነ ገና ትምህርት ቤት አልገባችም፤ አብራን ትዞራለች። እሷን የምተውለት ሰው የለኝም፤ ቢኖርም አልተዋትም።

በዚያው ክረምት ጢቾ ላይ ግድግዳው በሚያለቅስ ክፍል ውስጥ አድረን ደረቷን ብርድ መታት። የሳንባ ምች ነው ተብሎ ሆስፒታል ተኛች። ከሆስፒታል ስንወጣ ግርማ «ከእንግዲህ የሰው አልጋ በቃን፤ ተኝተንበት የምንሄድበት መኪና እፈልጋለሁ» አለ። እኔ የምሬት ወሬ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ለሚያውቀው ደላላ ሁሉ ተናግሯል።

አንድ ቀን ደላላው ደወለና «በቆጂ ላይ አንዲት አሮጌ ቫን አለች፤ ውስጧ አልጋና ምድጃ አላት» አለው። ፈረንጆች አገር ለአገር ሲዞሩባት ኖረው ሲሄዱ ሸጠዋት ነው አሉ። ከዚያ በአንድ ተቋራጭ እጅ ቆየች፤ አሁን የያዛት ሰው የገዛት ከእሱ ነው። እኛም በማግስቱ ማህሌትን ይዘን በቆጂ ሄድን።

መኪና ገዝተን አናውቅም። እኔ የማውቀው የተታለሉ ሰዎችን ወሬ ብቻ ነው። የተሰረቀ መኪና ገዝቶ የታሰረ አለ፤ ዝገቱን በቀለም ሸፍነው የሸጡለት አለ፤ በሳምንቱ ሞተሩ የሞተበትም አለ። መንገዱን ሙሉ ልጄን ጭኔ ላይ አድርጌ የምጠይቀውን ሳጠና ነበር። ግርማ አፌ ሲንቀሳቀስ አይቶ «ጸሎት ነው?» አለኝ። «ጥያቄ ነው» አልኩት።

ባለመኪናው ደበበ ይባላል። ድሮ የጭነት መኪና ሾፌር የነበረ፣ ሆዱ ገፋ ያለ፣ ሳቂታ ሰው ነው። ቤቱ ከዋናው መንገድ ወደ ወንዙ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነው። ቫኗ ከበሩ ፊት ለፊት አፍንጫዋን ወደ ታች አድርጋ ቆማለች። ከፊት ጎማዋ ስር አንድ ትልቅ ድንጋይ ተወትፏል።

«ድንጋዩ ለምንድን ነው?» አልኩት።

«የእጅ ፍሬኗ ትንሽ ላልቷል፤ ጠበቅ ቢደረግ ይይዛል። ሌላ ምንም የላትም።»

እኛ አገር ቁልቁለት ላይ ታኮ ያልተደረገለት መኪና ማየት ብርቅ ነው። የእጅ ፍሬኑ የሚይዘውም ቢሆን ልቡ እንዲያርፍ ድንጋይ ያደርጋል። ስለዚህ ይህችን አለፍኳትና ወደሌሎቹ ጥያቄዎቼ ሄድኩ።

ጣሪያዋ ያፈሳል? ተገልብጣ ታውቃለች? ሰው ገጭታ ታውቃለች? እነዚያ ፈረንጆች በሰላም ነው የሸጧት ወይስ አንዱ ታሞ ሞቶባት ነው?

ደበበ ሳቀ። «እህቴ፣ መኪና ነው የምትገዢው ወይስ ሙሽራ ነው የምታጪው?»

ግርማም አላሳፈረውም። «አትፍረድባት። ዶሮ ስትገዛም የዶሮዋን ዘመዶች ሳትጠይቅ አትመለስም» አለ። ሁለቱም ሳቁብኝ። እኔ አልሳቅኩም፤ አልተቆጣሁም። ይሳቁ፤ አለመታለል ይሻላል።

ውስጧ ግን እውነት ለመናገር ልብ ይወስዳል። ከኋላ ጠርዙ በጣውላ ከፍ ያለ አልጋ አለ። ትንሽ የእቃ መደርደሪያ፣ እጅ መታጠቢያ፣ የጋዝ ምድጃና መጋረጃም አላት። ማህሌት ጫማዋን ራሷ አውልቃ አልጋው ላይ ወጣች። እዚያ የነበረውን ብርድ ልብስ እስከ ራሷ ተከናነበችና «እማዬ፣ እኔ ተኝቻለሁ፤ ስንደርስ ቀስቅሺኝ» አለች። ጨዋታዋ ነው፤ ተውኳት።

ግርማ ሰው ነግሮት ኖሮ «ጭሷን ልይ» አለ። ሞተር ዘይት የሚበላ ከሆነ ጭሱ ሰማያዊ ይሆናል አሉ። ደበበ ገባና ሞተሯን አስነሳ። ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጎ፣ መስኮቱን እንደከፈተ ወርዶ በሩን ዘጋ። ከዚያ ሁለቱም ከኋላ ሄደው ጎንበስ ብለው የጭስ ማውጫውን ያዩ ጀመር። እኔ ሽታው አሳለኝና በጎን በር ወርጄ ከመንገዱ ዳር ቆምኩ። የጎኑ በር ክፍት ነው። ብርድ ልብሱ ስር የልጄ እግር ሲንቀሳቀስ ይታየኛል።

ከታች አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ይዘው ቀስ እያሉ መጡ። ነጭ ቆብ አድርገዋል። አንገታቸውን ሰበር አድርገው ሰላም አሉኝ፤ እኔም እጅ ነሳሁ። ቫኗ አጠገብ ሲደርሱ ሞተሩን ሰምተው ቆሙ፤ ጎማውንም አዩ።

አገሩን ለማያውቅ ይህን ልንገር። መኪና ሞተር ሲያስነሳ ታኮውን የሚያነሳው ረዳቱ ነው። ረዳት ከሌለ በአቅራቢያው ያለ ሰው ያነሳለታል። ማንም ለምኖት አይደለም። ሾፌሩ ወርዶ እንዳይደክም ነው፤ ደግሞም ድንጋዩ መንገድ መሃል ቀርቶ የሰው እግር እንዳይሰብር ነው። እኔም ስንት ጊዜ አንስቻለሁ።

ሽማግሌው በትራቸውን ብብታቸው ስር አደረጉ። ድንጋዩን በተረከዛቸው መታ መታ አድርገው አላቀቁና ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው አነሱት። እኔ ቆሜ እያየሁ ነው። የዚህ ሰው ደግነት ደስ ብሎኝ «ያኑርልን አባባ!» አልኳቸው። አዎ፣ መረቅኳቸው። እሳቸውም ፈገግ አሉ።

ቫኗ ተንቀሳቀሰች።

መጀመሪያ ደበበ የሚነዳት መሰለኝ። በጣም ቀስ ብላ ነበር የሄደችው። ከዚያ ሁለቱ ወንዶች ጎንበስ እንዳሉ እዚያው መንገዱ ላይ ሲቀሩ አየሁ። ከፊታቸው መኪና የለም።

«ልጄ!» ብዬ ጮህኩ። ሌላ ቃል አልወጣኝም።

ሮጬ የጎኑን በር ጠርዝ ያዝኩ። ልገባ እግሬን ሳነሳ ፍጥነቷ ጨመረና ጎተተችኝ። ነጠላዬ እግሬ ላይ ተጠመጠመ፤ ወደቅኩ። ጉልበቴ ተልጦ ሥጋው ታይቶ ነበር፤ እኔ ግን ያወቅኩት ማታ ነው። ቀና ስል ግርማ በአጠገቤ አለፈ። «ማሂ! ማሂዬ!» ይላል። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከእሱ ሰምቼ አላውቅም።

ከታች ጀሪካን የተጫነች አህያ የምትነዳ ሴት ነበረች። አህያዋን ገፍትራ ከመንገድ ስታወጣ ይታየኛል። ከእሷ በታች መንገዱ ይታጠፋል። መታጠፊያው ላይ ግንብ የለም፣ አጥር የለም፤ ገደል ነው፣ ከገደሉ ስር ወንዙ። የጎኑ በር እየተከፈተና እየተዘጋ ቋ፣ ቋ ይላል። ከውስጥ የልጅ ድምፅ አይሰማም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ያ ሆዱ ገፋ ያለው ደበበ ግርማን ቀድሞት ደረሰ። እንዴት እንደሮጠ አላውቅም። በተከፈተው መስኮት ክንዱን አስገብቶ መሪውን ያዘ። እግሩ መሬት ይነካል፣ ይለቃል። እንደተንጠለጠለ መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዘው። እዚያ ለመንገድ ሥራ የተራገፈ የአሸዋ ክምር ነበር። ቫኗ አፍንጫዋን አሸዋው ውስጥ ቀበረች፤ ወደ አንድ ጎን ዘመም ብላ ቆመች። ደበበ ተወርውሮ መሬት ላይ ተዘረጋ።

ሞተሩም ጠፋ። ጸጥ አለ።

ብዙ ሰው ተሰብስቦ ነበር፤ ግን እኔ የማስታውሰው ያንን ጸጥታ ብቻ ነው። ወደ በሩ መሄድ አቃተኝ። እስካላየኋት ድረስ ምንም አልሆነችም፤ ካየኋት ግን ያየሁት ነገር እውነት ይሆናል። መሬቱን ይዤ ተቀመጥኩ። እናት ልጇ ጋ ለመድረስ የምትሮጥ ነበር የሚመስለኝ። እኔ ፈራሁ።

ግርማ ገባ። ከዚያ ድምፅ ሰማሁ።

«አባዬ፣ ደረስን?»

ልጄ እንደተከናነበች ነበረች። የአልጋው ጠርዝ ይዟት አልወደቀችም። የሄድን መስሏት ዝም ብላ የተኛ ሰው እየተጫወተች ነበር! ግርማ አቅፏት ሲወርድ «ለምን ቆምን? ገና እኮ ነን» ብላ አኮረፈች። ተቀብዬ ራሷን፣ እጇን፣ ጣቷን አንድ በአንድ ዳበስኩ። «እማዬ፣ ለምንድን ነው የምትንቀጠቀጪው? በረደሽ?» አለችኝ። «አዎ፣ በረደኝ» አልኳት።

ቀና ስል ሰው ወደ ላይ እየሄደ ነው። ሽማግሌው እዚያው በነበሩበት፣ ድንጋዩን ታቅፈው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። አንድ ጎረምሳ ይጮህባቸዋል። «ማን ንኩ አለዎት? ሾፌር የሌለበት መኪና አይታይዎትም? ልጅ ሊገድሉ!»

እኔም ልጄን እንዳቀፍኩ ልጮህባቸው ነበር የሄድኩት። እውነቴን ነው፤ አፌ ውስጥ እርግማን ይዤ ነበር። አጠገባቸው ስደርስ ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ዓይኔ ደክሟል። ሞተሩን ሰማሁ፤ ሰው ያለበት መሰለኝ» አሉ። ከዚያ ድንጋዩን መሬት ላይ አስቀመጡ። «ልጅቷስ? ልጅቷን ንገሪኝ» አሉ በጭንቀት።

ያኔ «ያኑርልን» ያልኳቸው ትዝ አለኝ። እኔ ዓይኔ ደህና ነው። ሾፌሩ መውረዱን አይቻለሁ፤ ልጄ ውስጥ መሆኗን አውቃለሁ። ድንጋዩን ሲያነሱ አይቼም መረቅኳቸው። ታዲያ ምን ብዬ ነው የምረግማቸው?

ጎረምሳውን «ተዋቸው፣ አያውቁም» አልኩት። ማህሌትን አቀረብኳትና እጇን እጃቸው ውስጥ አደረግኩ። «ይኸው አባባ፣ ደህና ነች። ይንኳት» አልኳቸው። የትንሿን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» እያሉ አለቀሱ። አባባ ጀማል እንደሚባሉ የነገረችን ልጃቸው ናት፤ ወሬውን ሰምታ ሮጣ መጥታ ደግፋ ወሰደቻቸው።

የደበበ ትከሻ ወልቆ ነበር። ክንዱን በነጠላዬ አንገቱ ላይ አሰርንለትና ወደ ጤና ጣቢያ ይዘነው ሄድን። መንገድ ላይ ግርማ ስለ ቫኗ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ሲከፍት ደበበ ቀደመው። «ዛሬ አትግዟት። ብትለምኑኝም አልሸጥላችሁም። መጀመሪያ ፍሬኗን ላሠራ» አለ። እኔ «ብታሠራትም አንገዛትም» አልኩ።

መጨረሻው ግን እንደዚያ አልሆነም። ዝናቡ ሲመለስ ጢቾ ላይ እንደገና እርጥብ ክፍል ውስጥ ገባን፤ ማህሌትም ሳለች። ያን ሳል ሰምቼ ለግርማ «ደበበ ጋ ደውል» ያልኩት እኔው ነኝ። ከሁለት ፍርሃት አንዱን መረጥኩ እንጂ ደፍሬ አይደለም። ቫኗን ገዛናት፤ የእጅ ፍሬኑንም አሰላ ያለ መካኒክ ከአንዴም ሁለቴ አየልን። ግርማ እንደ ወጉ ጎማዋ ላይ ዶሮ ሊያርድ ሲል «ደም እንዳይፈስባት ነው የምለምነው፤ ተው» ብዬ አስቀረሁት።

ድሮ የምፈራው ክፉ ሰው ነበር። ሌባ፣ አታላይ ደላላ፣ እቃ የሚያጭበረብር። ልጄን ሊወስድብኝ የነበረው ግን ደግ ሰው ደግ ሥራ ሲሠራ ነው፤ እኔም አጠገቡ ቆሜ ሳመሰግን። ከዚህ በኋላ ምኑን ጠይቄ፣ ምኑን መርምሬ እንደምጠነቀቅ አላውቅም። ለግርማ ይህን ስነግረው «ታዲያ ዝም ብለሽ ኑሪ» ይለኛል። ለእሱ ቀላል ነው።

በቆጂ ገበያ በዋልን ቁጥር አባባ ጀማል በልጃቸው ተደግፈው ይመጣሉ። ብርድ ልብስ አይገዙም። መጀመሪያ ማህሌትን ፈልገው እጃቸውን ራሷ ላይ ያደርጋሉ። ከዚያ እኔን ቀና ብለው ያዩኛል። ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ተነጋግረን አናውቅም።

«እኚህ አባባ ለምንድን ነው ሁልጊዜ የሚነኩኝ?» ትለኛለች ማህሌት።

«ስለሚወዱሽ ነው» እላታለሁ።