በበሩ ያልወጣችው መርከብ

ባለፈው ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የወላጆቼ ቤት ስገባ ኮላ ሸተተኝ። አባቴ ቤዝመንት ወርዶ እግሩ የወለቀ ወንበር እየለጠፈ ነበር፣ ሌላ ምንም አልነበረም፤ እኔ ግን ደረጃው ላይ ክው ብዬ ቀረሁ፣ ያ ሽታ እጄን ይዞ አሌክሳንድሪያ ወደነበረችው ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንታችን ወሰደኝና በሩን ቆለፈብኝ። አምስት ዓመት የኖርኩት እዚያ ነው። ኖርኩ ማለት ከተቻለ።

አሜሪካ ስንመጣ ስድስት ዓመቴ ነበር። ዲቪው የደረሰው ለአባቴ ነበር፤ ሦስታችንም አብረን ልንሄድ ሻንጣ ካዘጋጀን በኋላ የእናቴ ራጅ ላይ ጥላ ታየና የሳንባ ሕክምናዋን ሳትጨርስ መብረር እንደማትችል ተነገራት፣ ሕክምናው እስኪያልቅ ቢጠበቅ ደግሞ የሁላችንም ዕድል ሊቃጠል ነው። «ልጄን ይዘህ ሂድ፣ እኔ እደርስባችኋለሁ» አለችው። ለእኔ የተነገረኝ ክረምቱ ሳይወጣ እንደምትመጣ ነበር፤ የየትኛው ዓመት ክረምት እንደሆነ ግን ማንም አልነገረኝም።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር አባቴ ፓርኪንግ ውስጥ የሌሊት ሥራ አገኘ። እኔ ከፊት ለፊታችን የሚኖሩት እትዬ አሰለፈች ዘንድ ሶፋ ላይ አድር ነበር፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደግሞ አባቴ ዓይኑን እያሸ በር ይከፍትልኝና፣ ሁለቱንም ቁልፍ ቆልፎ ሰንሰለቱን አስገብቶ፣ ተመልሶ ይተኛ ነበር። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ መኖሬ መታወቅ አልነበረበትም። በካልሲ እሄድ ነበር፣ ቴሌቪዥኑን ድምፁን አጥፍቼ አይ ነበር፣ ሳል ሲመጣብኝ ቁምሳጥን ውስጥ ገብቼ እስል ነበር። አንድ ነገር ኮሽ ካለ ከታች የሚኖረው ሰውዬ በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሱን ይደበድበዋል፣ አባቴም ከእንቅልፉ ብድግ ብሎ «ናይን ዋን ዋን ይደውልብናል! ልጅቷ ጠባቂ የላትም ብለው ይወስዱሻል!» ይለኝ ነበር። ሳቅ ሲያመልጠኝ እንኳ ትራስ አፌ ላይ ጭኜ ነበር የምስቀው። ደግ አባት ነበር፣ ግን ፈርቶ ነበር፤ እናቴን ትቷት እንደመጣ እኔንም እንዳያጣኝ ፈርቶ ነበር።

አባቴ በወጣትነቱ ምጽዋ፣ የባሕር ኃይል መርከቦች በሚጠገኑበት ስፍራ አናጢ ነበር። ብርዱ ካልጠና፣ እረፍት በሆነበት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ይወስደኝ ነበር፤ አዲሱ ድልድይ እየተሠራ ስለነበር ቦታው ታጥሯል፣ እኛ በሽቦው ቀዳዳ ነበር የምናየው። እዚያ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የብረት የጭነት መርከብ ይሠራ እንደነበር፣ ጀርመኖች በሰርጓጅ መርከብ ያሰጠሙትን ለመተካት በጥድፊያ ሠራተኛ እንደተሰበሰበ፣ ሪቬት የሚባለውን የጋለ ምስማር ከእሳት አውጥተው ሲቀጠቅጡ ጆሮ ይደነቁር እንደነበር ይነግረኝ ነበር። እኔ ደግሞ የቀናሁት በጩኸቱ ነው።

«ዝም በሉ የሚላቸው አልነበረም?» ብዬ ጠየቅኩት።

ሳቀ። «ማን ደፍሮ! ደግሞ ምን ያደርጋል፣ መርከቦቹ ሳያልቁ ጦርነቱ አለቀ።»

«ታዲያ ምን አደረጓቸው?»

«ጨረሷቸዋ! የተጀመረ መርከብ ሜዳ ላይ አይተውም።»

በረዶ ወርዶ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ሰሞን ሳሎኑ መስኮት ሥር የራሱን መርከብ ጀመረ። ከግሮሰሪ ጓሮ ያመጣውን የፍራፍሬ ሣጥን ፈታትቶ መጀመሪያ አከርካሪዋን አጋደመ፣ ከዚያ ጎድኖቿን ግራና ቀኝ አቁሞ፣ ከቲማቲም ጣሳ ቆርቆሮ እየቆረጠ ያለብሳት ጀመር። «ይቺ መርከብ ስታልቅ እናትሽ ትመጣለች» አለኝ። ሊያባብለኝ ነው ያለው፣ እኔ ግን አመንኩት። የእኔ ሥራ ሪቬት ነበር፤ ሪቬት ሁለት ብረት አጋጥሞ የሚይዝ ራሱ ክብ ምስማር ነው፣ በመርከብ ጎን ላይ በረድፍ በረድፍ ይታያል፣ እኔም ቆርቆሮውን የታጠፈ ፎጣ ላይ አስተኝቼ፣ መዶሻ ስለማይፈቀድ ምስማሩን በአውራ ጣቴ ብቻ ተጭኜ፣ ነጥብ ነጥብ አወጣለት ነበር። ጣቴ እስኪያብጥ እሠራ ነበር፣ እናቴን ቶሎ ለማምጣት ነዋ!

ዛፎቹ ሲያብቡ መርከቧም ልታልቅ ደረሰች፣ የቀራት ቀለም ብቻ ነበር። በዚያው ሳምንት አባቴ የእናቴን የቪዛ ጉዳይ የያዙት ዘንድ ኮል አድርጎ ጠየቀ፣ ሕክምናዋን ብትጨርስም ገና ወረፋ አለ አሉት። ስልኩን ዘግቶ መርከቧን ሲያያት ቆየ፤ በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ የኋላ ክፍሏ ተፈትቶ አገኘሁት። «አንድ የዕቃ ክፍል ያንሳታል» አለኝ። በበጋ ልታልቅ ስትል እንደገና ደወለ፣ እንደገና ወረፋ አሉት፣ እንደገና ፈታት። የሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ፣ ከዚያ በኋላ ያለውም እንዲሁ፤ ወረፋው በረዘመ ቁጥር መርከቧ ረዘመች። ሶፋው ወደ ግድግዳ ተገፋ፣ ጠረጴዛው ተጣለ፣ እኛም መሬት ላይ ተቀምጠን መብላት ጀመርን።

«ታደሰ፣ ይቺ መርከብ ከነልጅቷ ልትውጥህ እኮ ነው!» ይሉት ነበር እትዬ አሰለፈች በር ላይ ቆመው። «ኧረ ለመሆኑ መቼ ነው የምታልቀው?»

«ደርሳለች፣ ደርሳለች» ይላል።

እኔ ገብቶኝ ነበር። መርከቧ አልቃ እናቴ ካልመጣች ምን ሊለኝ ነው? አንድም ቀን ጨርሳት ብዬው አላውቅም፤ አዲስ ቆርቆሮ በሰጠኝ ቁጥር ተቀብዬ ሪቬቴን እጫን ነበር። አንዳንዴ በመስኮቱ ልጆች ከታች ብስክሌት ሲነዱ አይና፣ መጋረጃውን መልሼ፣ ወደ ፎጣዬ እመለስ ነበር። በጣም ይናፍቀኝ የነበረው እናቴ ትሁን ውጭው እንኳ አልለይም ነበር።

በአምስተኛው በጋ የእናቴ ቪዛ ተፈቀደ። አባቴ ስልኩን እንደያዘ እልል አለ፣ ወንድ ልጅ እልል ሲል ሰምቼ አላውቅም፤ ሰውየው ከታች ደበደበ፣ አባቴም ለመጀመሪያ ጊዜ በተረከዙ መልሶ ደበደበው። ሀያትስቪል ባለ ሁለት መኝታ ተከራየ፣ መርከቧን ጥቁርና ቀይ ቀባና «አለቀች» አለ። በመውጫችን ቀን የእትዬ አሰለፈች ባል ቫን ይዘው መጡ፣ ዕቃው ሁሉ ወረደ፣ መርከቧ ብቻ ቀረች። ከበሩ ሲወጡ ኮሪደሩ ወዲያው ወደ ደረጃው ይታጠፋል። በአፍንጫዋ ሞከሩ፣ በጀርባዋ ሞከሩ፣ በጎኗ አጋደሟት፣ ወይ ፍንክች! መስኮቱም ከግማሽ በላይ አይከፈትም። የምጽዋው አናጢ ያን ሁሉ ዓመት መርከብ ሲያስረዝም በሩን አንዴ እንኳ አልለካም። እትዬ አሰለፈች ሳቃቸውን ሊይዙ ሞክረው አቃታቸው። «በቃ ተዋት ታደሰ፣ ዋናዋ እየመጣችልህ አይደል እንዴ» አሉት።

እኔ ግን አልሳቅኩም። መርከቧ እዚህ ከቀረች እናቴም ትቀራለች ብዬ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ኡኡ አልኩ፤ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፣ ማፈር ነበረብኝ፣ አላፈርኩም። አባቴ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«በዚያ ጦርነት ጊዜ» አለኝ፣ «ከባሕር ርቀው፣ ሐይቅ ዳር መርከብ የሠሩ ሰዎች ነበሩ። ወደ ባሕር የሚያወጣው ቦይ በሮች አሉት፣ መርከቦቹ ደግሞ ረዝመው በበሮቹ መሃል አልገቡም። ምን ያደረጉ ይመስልሻል?»

«ምን አደረጉ?»

«ከወገባቸው ለሁለት ቆረጧቸው። ክፍቱን ደፍነው ግማሽ ግማሹን ለየብቻ እየጎተቱ አሳለፉና ከቦዩ ማዶ መልሰው ገጠሟቸው።»

«ከዚያ አልሰጠሙም?»

«ውቅያኖስ ተሻገሩ እንጂ!» ትከሻዬን አቅፎ፣ «እኛም እኮ ተቆርጠን ነው ያለፍነው» አለኝ፣ እንባው መጣ።

መጋዙን አመጣ፣ እኔ አፍንጫዋን ይዤ እሱ ከወገቧ ቆረጣት፣ ከሪቬቶቼ አንዱ ረድፍ በመጋዙ ሥር ሲበላ አየሁ። ሁለቱ ግማሾች በበሩ ወጡ፣ እኔም ተከትዬ ወጣሁ፣ በጫማዬ ደረጃውን እየደበደብኩ።

እናቴ በመስከረም መጣች። ደለስ ኤርፖርት አንዲት ቀጭን ሴት እያለቀሰች ስታቅፈኝ «እንደምን ነዎት?» አልኳት፣ አንቱ ብዬ፣ እንደ እንግዳ። አልተቆጣችም፤ ያመጣችልኝ ቀሚስ ደግሞ ጠብቦኝ ትከሻዬ ላይ ቀረ። አባቴ መርከቧን ገጥሞ፣ ኮላውን አድርቆ፣ እንደገና ቀብቷት ነበርና ቤት እንደገባን እሷን አሳያት። እናቴ እጇን በመርከቧ ጎን ላይ እያሳለፈች መጣችና መሃል ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«እዚህ ጋ ምን ሆና ነው?»

«በጠባብ በር አልፋ ነው» አላት አባቴ።

ዛሬ መርከቧ ሲልቨር ስፕሪንግ ሳሎናቸው ውስጥ ናት። እናቴ ከመጣች በኋላ የተወለደችው የሰባት ዓመቷ ታናሽ እህቴ ማኅሌት በዙሪያዋ በጫማ ትሮጣለች፣ በር ታላትማለች፣ ማንም ምንም አይላትም፣ እኔም አንዳንዴ እቀናባታለሁ። እንግዳ ሲመጣ እናቴ ስለ እኔ ልጅነት ማውራት ትወዳለች፤ እስከ ስድስት ዓመቴ ያለውን ታወራለች፣ ከዚያ አባቴን ታየዋለች፣ እሱ ይቀጥላል።

ያን ቅዳሜ ከደረጃው ተመልሼ ሳሎን ስገባ ማኅሌት የወለቀ ጥርሷን በእጇ ይዛ፣ ድዷን እያሳየች፣ ቤቱን በሳቅ ታናጋው ነበር። እናቴ የምታየው እሷን ሳይሆን እኔን ነበር።

«አንቺም ሰባት ዓመትሽ ላይ እንዲህ ነበር የምትስቂው?» አለችኝ።

አባቴ ቤዝመንት ነበር፣ የሚመልስላት እኔ ብቻ ነበርኩ። አፌ ላይ የምጭነው ያ ትራስ ትዝ አለኝ።

«አዎ እማዬ» አልኳት፣ «ልክ እንዲህ።»