ክዳኑን ማን ዘጋው?

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ኃላፊው «ሰርቨራችን ይኼ ነው» ብለው ያስረከቡኝ ቁልፎቹ የረገፉ አሮጌ ላፕቶፕ ነበር። «በጀት ሲመጣ ትልቁን እንገዛለን» አሉ። እኔ ጡረታ ስወጣ በጀቱ ገና አልመጣም ነበር።

ስሙን የማልጠራው ይህ የደብረ ማርቆስ መሥሪያ ቤት የመምህራንን ዝውውር ይመዘግባል። ላፕቶፑ ላይ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ጫንኩ። ኔትወርክ የሚሻለው ማታ ስለሆነ ወረዳዎቹ የዝውውር ማመልከቻ የሚልኩት ከሥራ ሰዓት ውጭ ነው። ስለዚህ ማሽኑ ሌሊትም ነቅቶ መቀበል አለበት። ይህ ያልተዋጠላቸው የንብረት ክፍሉ ጋሽ ምንውየለት ነበሩ።

«የመንግሥት ንብረት አፉን ከፍቶ አያድርም» ይላሉ። ወደ ቤት ሲሄዱ ክዳኑን ጥርቅም ያደርጉታል፤ ማሽኑም ይተኛል። ጠዋት ሲከፈት ማሽኑ ይነቃል፣ የኔትወርክ ካርዱ ግን አይነቃም። ድራይቨሩ፣ ማለትም በሲስተሙና በካርዱ መካከል የሚያስተረጉመው ፕሮግራም፣ ስብሰባ ላይ ያንቀላፋ ባለሙያ ይመስል ነበር፤ ዓይኑ ቢገለጥም አይሰማም።

ማሽኑ በነቃ ቁጥር ድራይቨሩን አስወጥቶ እንደገና የሚጭን ስክሪፕት፣ ማለትም አጭር የትእዛዝ ጽሑፍ፣ ጻፍኩ። ጠዋት ጠዋት ሠራ። የማታው ችግር ግን እንዳለ ነው። የኃይል አጠቃቀሙን ፋይል ከፍቼ «ክዳን ሲዘጋ ምንም አታድርግ» ብዬ አዘዝኩት። ማሽኑ ታዘዘ።

ጋሽ ምንውየለት በማግስቱ አስጠሩኝ።

«አንተዬ፣ ይኼ ዕቃህ ዘግቼውም መብራቱ ይበራል።»

«እየሠራ ነው፣ ጋሼ።»

«ማን ፈቅዶለት? ሠራተኛው ሁሉ ወጥቶ የለም እንዴ!»

አስረዳኋቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ፤ እኔም ገባቸው ብዬ ደስ አለኝ። ዓርብ ማታ ክዳኑን ዘጉ፣ መብራቱን አዩ፣ ሶኬቱን ነቀሉ። አሮጌው ባትሪ ብዙም አልቆየም። በዓመት አንዴ የሚከፈተው የዝውውር ምዝገባ የሚያበቃው ቅዳሜ ነበር።

ሰኞ መምህርት ባንቺአየሁ ከደብረ ኤልያስ መጣች። ባሏና ልጇ ደጀን ናቸው፤ እሷም ወደዚያው ለመዛወር ነበር ያመለከተችው። ማመልከቻዋ ቅዳሜ ቢላክም ተቀባይ አላገኘም።

«ሲስተሙ አልተቀበለሽም፤ ሲስተም ደግሞ አያዳላም» አሏት ኃላፊው።

ማሽኑ ጠፍቶ እንደነበር ነገርኳቸው።

«እሱ ቴክኒካል ጉዳይ ነው» ብለው አፌን አስያዙኝ።

«ታዲያ ልጄን ምን ልበለው? ሶኬት ተነቀለ ልበለው?» አለች።

የዚያን ቀን አንድም ፋይል አልነካሁም። ወረቀት ላይ «መዝጋትም ሆነ መንቀል ክልክል ነው» ብዬ ጻፍኩ። ኃላፊው ሳያነቡ ክብ ማኅተም መቱበት፤ ማሽኑ ላይ ለጠፍኩት። ጋሽ ምንውየለት ማኅተሙን ሲያዩ ባርኔጣቸውን አነሡለት። ከዚያ ወዲያ አቧራውን እንኳ የሚጠርግለት ሰው አልተገኘም።

ማሽኑ ዓመቱን ሙሉ ሳይተኛ ከረመ። መምህርት ባንቺአየሁም ዓመቱን ሙሉ ደብረ ኤልያስ ከረመች።

ማሽን የሚታዘዘው ለፋይል ነው፤ መሥሪያ ቤት የሚታዘዘው ለማኅተም። ሁለቱንም አዘጋጁ፤ ማኅተሙን ግን ከቅዳሜ በፊት አስመቱ።