ስኬታማዋ አዋላጅ

ኤልሳቤጥ ክንዱን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ወገዳ ውስጥ በዚህ የሚኮሩ መምህራን አሉ፤ አንዳንዶቹማ ፎቶዋን በስልካቸው ይዘው ይዞራሉ። እኔ አልኮራም። ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ ሳስተምር ሰነፍም ውሸታምም በእጄ አልፏል። እንደ እሷ የናቅሁት ሰው ግን የለም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

አባቷ አቶ ክንዱ ከወገዳ አንድ ሰዓት በእግር በሚያስኬድ መንደር ገብስና ባቄላ የሚያርሱ ጨዋ ሰው ነበሩ። ልጅቷ ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ማሚቴ ከምትባል የመንደሯ ልጅ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀመጠች። ሰሌዳ ላይ ጥያቄ ስጽፍ ማሚቴ አቀርቅራ ደብተሯ ላይ ትሠራለች። ስትጨርስ ኤልሳቤጥ ዓይኗን ወርወር ታደርግና እጇን ታወጣለች። መልሱ ልክ ነው። ክፍሉ ያጨበጭብላታል፤ ማሚቴም አብራ ታጨበጭባለች። እኔ አይቼ ዝም አልኩ። ለምን ዝም እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ምናልባት ፈጣን ልጅ ስለምወድ ይሆናል።

አሥራ ሁለተኛን ሲጨርሱ ሁለቱም አዲስ አበባ አንድ የሴቶች ኮሌጅ ገቡ። ኮሌጁ የገጠር ልጃገረዶችን ተቀብሎ አዋላጅ ነርስ አድርጎ የሚያስመርቅ ነበር። በ2001 ዓ.ም. ጋውን ለብሰው ተመረቁ። ማሚቴ በበሽሎ ወንዝ በኩል ባለው ቆላ፣ ከወገዳ ግማሽ ቀን ቁልቁል የሚያስኬድ ቀበሌ ተመደበች። ኤልሳቤጥ የደረሳት ከዚያ ቀጥሎ ያለው ቀበሌ ነበር። አሥራ አንድ ቀን ቆየች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቁልቁለቱ ወገቤን ጎዳኝ ብላ የሐኪም ወረቀት ይዛ ወጣች፤ ወገቧም አዳራሽ ውስጥ መቀመጥ ሲሆን ወዲያው ዳነ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቷ ስብሰባ ነው። መካነ ኢየሱስ ከተማ አንድ የረድኤት ድርጅት ውስጥ የእናቶች ጉዳይ አስተባባሪ ሆነች። ከዚያ ደብረ ታቦር፣ ከዚያ ባሕር ዳር፣ ከዚያ አዲስ አበባ። ነፍሰ ጡር ካየች አጠገቧ ቆማ ፎቶ ትነሳለች፤ ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ለጥፋ «አንድም እናት በወሊድ መሞት የለባትም» ትላለች። ሥልጠና በሄደች ቁጥር ምስክር ወረቀት ታመጣለች፤ ወረቀቱን ለአባቷ ትልካለች፤ እሳቸው በመስታወት አስገጥመው ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል።

አንድ ቀን ልጠይቃቸው ብሄድ እጄን ይዘው ወደ ግድግዳው ወሰዱኝ።

«መምህር ደምሌ፣ እንግሊዝኛውን ያንብቡልኝ እስቲ። ይህ ምን ይላል?»

«በሥልጠናው ተሳትፋለች ይላል።»

«ይህስ?»

«ይህም ተሳትፋለች ነው የሚለው።»

«ሥልጠናው ማዋለድ ነዋ?»

«አይደለም፤ ስብሰባ እንዴት እንደሚመራ ነው።»

አቶ ክንዱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጥሩ ነው፤ እሱም ያስፈልጋል» አሉ። አሳዘኑኝ። ልጅቷ ላይ ግን ያን ዕለት ልቤ ቆረጠ።

በ2011 ጥር ወር ኮሌጁ የተመሠረተበትን በዓል ሲያከብር «ስኬታማ ምሩቃን» ያላቸውን ስድስት ሴቶች በሁለት መኪና ጭኖ በየወረዳው ላከ። ሴት ተማሪዎችን ያነቃቃሉ ተባለ። እኛም ዘንድ መጡ፤ ኤልሳቤጥ ከስድስቱ አንዷ ናት። እኔ ጡረታ ብወጣም የቀድሞ መምህሯ ነህ ተብዬ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ስድስቱም አንድ ዓይነት ነጭ ካናቴራ ለብሰው መድረክ ላይ ተደርድረዋል። ተራ በተራ ተዋወቁ። አንዷ አማካሪ ናት፤ ምን እንደምታማክር አልነገረችንም። አንዷ ዳይሬክተር፣ አንዷ የሌላ ዳይሬክተር ምክትል። አንዷ ቦሌ የውበት ሳሎን ከፍታለች። ስድስቱም በአዋላጅነት የተመረቁ ናቸው፤ ስታዋልድ የከረመች ግን ከመካከላቸው አንዲትም የለችም።

ማሚቴ ከኋላ ከተማሪዎቹ ጋር ዴስክ ላይ ተቀምጣ ነበር። ለጤና ኬላዋ መድኃኒት ልትወስድ በዋዜማው ነበር ከቆላ የወጣችው፤ ጓደኛዬን ልስማት ብላ ቦርሳዋን እንዳነገተች ገብታለች። ኤልሳቤጥ ማይኩን ስትይዝ አየቻት።

«ያቺን ታዩዋታላችሁ?» አለች። «አብሮ አደጌ ናት። አብረን ነው የተመረቅነው። እሷ እስካሁን ቆላ ናት!»

ልጆቹ ሳቁ። ማሚቴም ሳቀች። ኤልሳቤጥ ቀጠለች፤ «ስለዚህ እህቶቼ፣ ዲግሪ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ራእይ ያስፈልጋል» አለች።

ራእዩ ምን እንደሆነ ሳትነግረን የበሩ ዘበኛ እየሮጠ ገባ። «ሐኪም አለ? ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ መጥታ በር ላይ አልንቀሳቀስም አለች!»

መድረክ ላይ ያሉት ስድስቱ እርስ በርስ ተያዩ። የውበት ሳሎን ያላት ስልኳን ማየት ጀመረች። ተነስቼ ወደ መድረኩ ወጣሁ።

«ኤልሳቤጥ፣ ተነሺ እንጂ።»

ማይኩን በእጇ ሸፈነች። «ቲቸር፣ እኔ እኮ አሁን አስተዳደር ላይ ነኝ።»

«አዋላጅ አይደለሽም?»

«ፈቃዴን አላሳደስኩም። ሕጉ አይፈቅድልኝም።»

ዞር ስል ማሚቴ የተቀመጠችበት ቦታ ባዶ ነው።

በር ላይ ስደርስ ማሚቴ ቀድማኛለች፤ አራት ሰዎች ቃሬዛውን መሬት አድርገው ላባቸውን ይጠርጋሉ። ባልየው አስቻለው የሚባል ገበሬ ነው፤ ከማሚቴ ቀበሌ። «ትናንት አንቺ እንደወጣሽ ነው የጀመራት» ይላታል። «ጤና ጣቢያ ልናደርሳት ነበር፤ እዚህ ስትደርስ በቃኝ አለች። እግዜር ነው ያቆየሽ ማሚቴ!» ሚስቱ ሰርካለም ዓይኗን ጨፍና ጥርሷን ነክሳለች። ማሚቴ ሆዷን ዳሰስ ዳሰስ አደረገችና «ጤና ጣቢያ አትደርስም፤ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አግቧት» አለች።

ሁለት ጠረጴዛ ገጥመን ነጠላ አነጠፍን፤ ማሚቴ ጓንቷን ከቦርሳዋ አወጣች። ወንዶቹ ወጣን፤ እኔ ግን በሩ አጠገብ ስለነበርኩ ድምፅ ይሰማኛል። ማሚቴ ጓንቷን ከቦርሳዋ አወጣች። ትንሽ ቆይቶ የማሚቴ ድምፅ ተለወጠ።

«በእግሩ ነው የሚመጣው። ኤልሳ! ኤልሳ የት አለች? አንድ የሚያግዘኝ እጅ ያስፈልገኛል!»

ኤልሳቤጥ ተከትላን መጥታ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር። ካናቴራዋ እንደ ወረቀት ነጭ ነው። ስሟ ሁለቴ ሲጠራ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሄደች፤ ሁለተኛውን አልሄደችም። ከአጠገቧ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ፣ ከመጽሐፍ ሌላ ነገር ይዛ የማታውቅ ሴት፣ እጅጌዋን ሰብስባ ገባች።

ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም። ማሚቴ «አሁን አትግፊ... ተንፍሺ... አሁን!» ትላለች። ሰርካለም ማርያምን ትጣራለች። ከዚያ ሁሉም ዝም አለ። አስቻለው ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። የሕፃን ልቅሶ ሲሰማ ተነስቶ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። ሴት ልጅ ናት።

እትብቱ ተቆርጦ ሕፃኗ በንጹሕ ጨርቅ ስትጠቀለል ያቺ ሁለተኛዋ እርምጃ ያቃታት ሴት ገባች። ከእንግዶቹ ጋር የመጣው ካሜራ የያዘ ሰውም ተከትሏት ገባ፤ በሩ ክፍት ቀረ። ሕፃኗን ከቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ክንድ ላይ ተቀበለች፤ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዞረች፤ ፈገግ አለች። ማሚቴ የእንግዴ ልጁን እየጠበቀች ጀርባዋን ሰጥታለች፤ አላየችም። ፎቶው ተነሳ።

መኪኖቹ ሊሄዱ ሲሉ ኤልሳቤጥ አጥሩ ጥግ ድረስ መጣችልኝ። ኩሏ ወርዷል።

«ቲቸር፣ እንደናቁኝ አይቻለሁ።»

«አዎ» አልኳት።

«ሁለተኛ ዓመት ለተግባር ልምምድ ወጥተን አንዲት እናት እጄ ላይ ደም ፈሷት ሞተች። ከዚያ ወዲህ ምጥ ላይ ያለች ሴት ሳይ እጄ ይደርቃል። እውነቴን ነው፤ እጄ አይታዘዘኝም።»

«ማሚቴ ታውቃለች?»

«አብራኝ ነበረች። የገነዘቻት እሷ ናት። በማግስቱ ተመልሳ ክፍሉ ገባች፤ እኔ አልቻልኩም።»

እውነቱን ልናገር፤ አዘንኩላት። የፈራ ሰው አልንቅም፤ እኔም በሕይወቴ ብዙ ነገር ፈርቻለሁ። «ታዲያ ለምን አልችልም ብለሽ ሌላ ሙያ አልያዝሽም? ማን ይፈርድብሽ ነበር?» አልኳት። ምናልባት ከልቤ ይቅር ልላት ጥቂት ነበር የቀረኝ።

እንባዋን ጠርጋ እጄን ያዘች። «ቲቸር፣ ኮሌጁ መጽሔት ያወጣል። ልጅነቴን የሚያውቅ ሰው ታሪኬን እንዲጽፍልኝ ይፈልጋሉ። እርስዎ ቢጽፉልኝ። የዛሬውንም ቢጨምሩበት...»

«ያየሁትን?»

«ማለቴ... ሕፃኗን ይዤ የነበረውን።»

እጄን ከእጇ አስለቀቅሁ።

ጻፍኩላት ግን። ሦስት ገጽ። የማሚቴን ስም አሥራ አራት ጊዜ ጠራሁ፤ በእግሩ የመጣውን፣ በሩን፣ ነጩን ካናቴራ፣ ሁሉንም አስገባሁ። በአራተኛው ወር መጽሔቱ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ደረሰኝ። ከእኔ ሦስት ገጽ አንድ ዓረፍተ ነገር አልተረፈም። «የእናቶች አለኝታ» በሚል ርእስ ሥር ሕፃኗን የያዘችበት ፎቶ ሙሉ ገጽ ወጥቷል፤ ከታች ያላልኩት ምስጋና ተደርድሮ «መምህር ደምሌ፣ ወገዳ» ይላል። ፊርማዬን የሰረቀ ተማሪ ከትምህርት ቤት ሲባረር አይቻለሁ። ስሜን የሰረቀችው በዚያው ዓመት ዕድገት አገኘች።

ማሚቴ ለመድኃኒት ስትወጣ መጽሔቱን አሳየኋት። እንድትቆጣ ነበር የፈለግሁት። ፎቶውን አቅርባ አየች።

«ሕፃኗ ዓይኗን ገልጣለች እኮ፤ ያኔ አላየሁም ነበር» አለች። «ቲቸር፣ ገጹን ይስጡኝ። ሰርካለም የልጇ ፎቶ የላትም።»

«ኤልሳቤጥ እኮ አለች ፎቶው ላይ!»

«እሷን አጥፌ እሰጣታለሁ» ብላ ሳቀች።

አምና አቶ ክንዱ አረፉ። ለተዝካራቸው ኤልሳቤጥ ከአዲስ አበባ መጣች፤ አሁን የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ናት፤ መኪናዋን ሌላ ሰው ይነዳላታል። ማሚቴ ከቆላ በእግሯ ወጥታ ደርሳ ነበር። ዳሱ ውስጥ ተቃቅፈው ረጅም ጊዜ አለቀሱ። ከዚያ ኤልሳቤጥ ወደ እኔ መጥታ ጎንበስ ብላ «እንዴት ነዎት ቲቸር» አለችኝ። ወደ ቄሶቹ ዞሬ ስለ ዝናቡ ማውራት ቀጠልኩ።

ማሚቴ አይታኝ ኖሮ ስንወጣ ገሠጸችኝ። «በአባቷ ተዝካር እንኳ ሰላም አይሏትም?»

«አልልም» አልኳት። እሷ በማግስቱ የምትጠብቃት ወላድ አለች፤ ቂም የምትይዝበት ጊዜ የላትም። እኔ ጡረተኛ ነኝ።