ማዘርቦርዷ ስትታደስ የመጣው ነጎድጓድ

ልጄ ከዐረብ አገር ስትመለስ ሻንጣዋን ስንከፍት ከልብሱ ስፖንጁ በዛ። ስፖንጁን ስትፈታ፣ ስትፈታ ቆይታ መጨረሻ ላይ ያወጣችው ከትሪ የማትበልጥ ጥቁር ጠፍጣፋ ነገር ነው። እኔ ወርቅ ነበር የጠበቅኩት፤ ምን እዋሻለሁ። ሊጠይቁን የመጡት ጎረቤቶችም ወርቅ ነበር የጠበቁት።

«ማዘርቦርድ ናት፣ አባዬ» አለችኝ።

«ምን ትሠራለች?»

ልጄ እንደምታውቀኝ በማውቀው ነገር አስረዳችኝ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በር ሠሪ ነበርኩ፤ ቡታጅራ ላይ ብዙ በር ሰቅያለሁ፤ ትምህርት ግን ፊደል ቆጥሬ ቁጥር ለይቼ ነው የወጣሁት። «የአገር ቤት ጎጆ ምሰሶ ታውቅ የለ? ግድግዳው ሌላ፣ ጣራው ሌላ፤ ሁሉም የሚያርፈው ግን እሱ ላይ ነው። የኮምፒውተርም ዕቃ ሁሉ የሚሰካው እዚህች ላይ ነው» አለችኝ።

«ታዲያ ምሰሶ እዚህ አገር ጠፍቶ ነው ከዚያ ድረስ የተሸከምሽው?»

ሳቀች። «ምሰሶማ ሞልቷል። ያ ግን ባሕር ዛፍ ነው፤ ይህቺ ጥድ ናት።»

ጥድ ስትለኝ ገባኝ።

ወልቂጤ በተከራየነው ግቢ የፊት ለፊቷን ክፍል ሱቅ አደረገቻት። ሥራዋ የሰርግ ቪዲዮ ማቀናበር ነው። የተቀረጸውን ትቀበላለች፣ ትቆርጣለች፣ ዘፈን ትገጥምበታለች፣ ለሙሽሮቹ ትሰጣለች። ማዘርቦርዷን አንድ ጎኑ መስታወት በሆነ ሳጥን ውስጥ ተከለቻት። ጥጓ ላይ የጥፍር ያህል መስኮት አለቻት፤ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ቀይ ቁጥር ይለዋወጥባታል፤ ነገር ሲበላሽ ግን አንዱ ቁጥር ላይ ቆማ ትቀራለች። እንግሊዝኛ ማንበብ ለማልችለው ለእኔ ያቺ መስኮት ጥሩ ነበረች። ቁጥሯ ስትሮጥ ደህና ናት፤ ስትቆም ታማለች።

ደግሞ መቆም አበዛች። ልጄ አንድ ሰርግ ጨርሳ ልታወጣ ስትል ስክሪኑ ድርቅ ይላል። ሙሽራዋ ከመኪና ልትወርድ አንድ እግሯን እንዳወጣች ትቀራለች። ዘመዶቿ እየመጡ «ልጃችንን መቼ ነው የምታወርጂልን?» ይሉ ነበር፤ መጀመሪያ ለቀልድ፣ በኋላ ግን ከልባቸው።

ስልኳ ላይ የዚያችው ማዘርቦርድ ባለቤቶች የሚጻጻፉበት ቦታ አለ። ከየአገሩ ናቸው። ማታ ማታ ራት ስንበላ ወደ አማርኛ እየመለሰች ታነብልኝ ጀመር። አንዱ «ከገዛኋት ጀምሮ አንድ ቀን አላስቀየመችኝም» ይላል። ሌላው «የእኔም እንዲህ ትደርቅ ነበር፤ ውስጧ ያለውን ባዮስ ሳድሰው ዳነች» ይላል። ባዮስ የሚሉት ሠሪዎቹ ውስጧ የጻፉት ትእዛዝ ነው አለችኝ፤ ስህተቱን አርመው አዲስ አውጥተዋል። ሦስተኛው ሰውዬ ግን እሱን በሚያድስበት ሰዓት መብራት ጠፍቶበት ማዘርቦርዷ እዚያው ሞተችበት። ከጀርባዋ የማዳኛ ቁልፍ አላት ይላሉ፤ አንዱን አድናዋለች፣ ያንን ሰውዬ ግን አላዳነችውም።

«እነሱ አገር ነው መብራት የጠፋው?» አልኳት።

«እነሱ አገር።»

የያዝኩትን ጉርሻ ወደ ትሪው መለስኩት።

በሌላ ቀን ጀርባዋን ሰጥታኝ ሳህን እያጠበች፣ «ይህቺ ከሞተችብኝ እመለሳለሁ፣ አባዬ» አለች። ወዴት ብዬ አልጠየቅኩም። ክንዷ ላይ የካውያ ጠባሳ አለ፤ ይዛው መጣች እንጂ ነግራኝ አታውቅም። ከዚያ ወዲያ ወደ ሱቁ በገባሁ ቁጥር መጀመሪያ የማየው ያቺን ቀይ ቁጥር ሆነ።

አሁን የግቢያችንን ልማድ ልንገራችሁ። እኔ የተወለድኩት አገና አካባቢ ነው። ያኔ ነጎድጓድ ሲመጣ ቤቱ ሁሉ ጸጥ ይላል፤ ማጭድና ቢላ ይሸፈናል፣ ቀይ የለበሰ ያወልቃል። መብረቅ ከመታው ቤት ሽማግሌ መጥቶ መብረቁን ሳይለማመን ማንም ዕቃ አያነሳም ነበር። ሃይማኖታችን ቢለያይም፣ ቀየው ከተማ ቢሆንም፣ ያ ፍርሃት ከሁላችን ጋር መጥቷል። በግቢያችን ቆጣሪው አንድ ነው፤ የተሰቀለው ከቡታጅራ በመጣችው ልብስ ነጋዴ በረንዳ ላይ ነው። ሰማዩ ገና ሲያጉረመርም ትወጣና በመጥረጊያ እንጨት ማጥፊያውን ወደ ታች ትመታዋለች። ግቢው ሁሉ ይጨልማል። ማንንም አትጠይቅም፤ ማንም «ለምን» አይላትም፤ እንዲያውም «ተባረኪ» ነው የምንላት። ቡታጅራ ሳለች መብረቅ በሽቦ ገብቶ ቴሌቪዥናቸውን አቃጥሎ፣ አጠገቡ የነበረ ወንድሟን ጆሮውን ደፍኖታል።

ልጄ ለማደሱ የመረጠችው ቅዳሜን ነበር። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ መብራት የለም። መብራቱ የመጣው ሰማዩ መጥቆር ሲጀምር፣ ሊመሽ ሲል ነው።

«ዛሬ ይቅርብሽ፣ ልጄ።»

«ሰኞ የሙሽራዋ ቤተሰቦች ይመጣሉ። ደግሞ አትፍራ፣ ቶሎ ያልቃል።»

አዲሱን ትእዛዝ የያዘችውን ፍላሽ ሰካች፣ የሆነ ነገር ተጫነች፣ ስክሪኑ ላይ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ መሙላት ጀመረ። ሁለት እጇን ጉልበቶቿ መካከል ከተተች፤ እንዳትነካ ራሷን ያሰረች ትመስል ነበር። ከጠረጴዛው ሥር ባትሪ ያላት ዩፒኤስ አለች፤ ግን አርጅታለች፤ መብራት ሲሄድ ጥቂት ጮሃ ትሞታለች። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ።

ያኔ ነው ከዘቢዳር ተራራ በኩል ባዶ በርሜል የሚንከባለል ዓይነት ድምፅ የመጣው።

ልጄ ዞራ አየችኝ። ሁለታችንም ያሰብነው ያንን የመጥረጊያ እንጨት ነው።

በእኔ ዕድሜ መሮጥ መሮጥ አይባልም። ግን ሄድኩ። ስደርስ ጎረቤቴ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጥላ፣ እንጨቱን ይዛ ብቅ ብላለች። ከቆጣሪው ሥር ገብቼ ቆምኩ።

«ጋሼ፣ ምን ሆነዋል? ይውጡ ከዚያ!»

«እባክሽ እህቴ፣ ትንሽ ታገሺኝ።»

«እኔ ልታገስ፣ መብረቁን ማን ያስታግስልዎት?»

«የልጄ ኮምፒውተር እየታደሰ ነው። አሁን ከጠፋ ይሞታል።»

«ያ አላህ! ለኮምፒውተር ብለው ነው ብረት ሥር የቆሙት? በወጣትነትዎ ያልሞቱትን አሁን ሊሞቱ?»

በዚህ መሐል ሰማዩ ተሰነጠቀ። ብርሃኑ የግቢውን ቆርቆሮ ሁሉ ነጭ አደረገው፤ ድምፁ ከመሬት በእግሬ በኩል ገባኝ። እሷ ጮኸች፤ እኔ መጮሄን አላውቅም። ጀርባዬ ላይ ያ ቆጣሪ የሚተነፍስ መሰለኝ። እናቴ ብታየኝ ምን ትል ነበር? በነጎድጓድ ብረት ይሸፈናል እንጂ ብረት ይጠበቃል? ጌታ ሆይ፣ ብዬ ቀጣዩ ቃል ጠፋኝ።

«ይውጡ እኮ ነው የምልዎት! ልመታው ነው!» እንጨቱን አነሳች።

«ከሞተችባት ትመለሳለች» አልኳት። «ወደዚያ ትመለሳለች። ክንዷን አይተሽው የለ?»

እንጨቱ በአየር ላይ ቀረ። የልጄን ክንድ ገላዋን ስትታጠብ ጀርባዋን እየፈተገች ያየች እሷ ናት፤ እኔ አይደለሁም። ምናልባት ከእኔ የበለጠ ታውቃለች።

«ቀድመው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?» አለች በመጨረሻ፣ በቁጣ። ከዚያ እንጨቱን ጥላ በዝናቡ መሐል ከበር በር መሮጥ ጀመረች። «ንቀሉ! እየዞራችሁ ሶኬት ንቀሉ! ዛሬ ቆጣሪው አይጠፋም! ፍሪጁንም፣ ምጣዱንም! ለምን አትበሉኝ፣ ንቀሉ!» ከአንዱ ቤት ወንድ ድምፅ «ኳስ እያየሁ ነው!» ሲል ሰማሁ። «መብረቁ ጎል ሳያገባብህ ንቀል!» አለችው። ልስቅ ፈልጌ ጥርሴ ተንገጫገጨ።

ስትመለስ በስብሳለች። ወደ ሳሎኗ ገፋችኝ። «አልነካውም፣ ወላሂ አልነካውም። ግን ከዚያ ብረት ይራቁልኝ።»

ገና አንድ እግሬን ሳስገባ ሌላ መብረቅ ወረደ። ይሄኛው ቅርብ ነበር፤ ብርሃኑና ድምፁ አንድ ላይ መጡ። የበረንዳው አምፖል ቀላ፣ ጠፋ። ከግቢው ውጭ የጎዳናውም ጠፋ። ማንም ማጥፊያ አልነካም፤ ከተማው በሙሉ ነው የሄደው። ጎረቤቴ እጆቿን ዘርግታ አሳየችኝ፤ እኔ አይደለሁም ማለቷ ነው።

ከሱቁ የዩፒኤሷ ጩኸት ይሰማል። ጢጥ፣ ጢጥ። ዝናቡን ሰንጥቄ ሄድኩ። ልጄ ስክሪኑ ላይ አፍጥጣ፣ ለመድረስ ትንሽ የቀረው ልጅ እንደምታባብል፣ «በይ፣ በይ እንጂ፣ ደረስሽ እኮ» ትላለች። መስመሩ ሊሞላ ጥቂት ነው የጎደለው። ጩኸቱ ፈጠነ። ጢጥጢጥጢጥ። ከዚያ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ፤ ስክሪኑም፣ ቀይዋ ቁጥርም፣ ዩፒኤሷም።

«ሞላ?» አልኳት።

«አላየሁም።»

«ምንም አላየሽም?»

«ዐይኔን ጨፍኜ ነበር፣ አባዬ።»

ዝናቡ ሲወርድ በዚያ ጨለማ ውስጥ ተቀመጥን። መብራት ካልመጣ መሞቷን ማወቅ አይቻልም፤ መኖሯንም። ሰው ታምሞ ቢሆን ትንፋሹን አዳምጣለሁ፤ ግንባሩን እነካለሁ። ይህቺን ምን ላድርጋት? በመስታወቱ በኩል ባያት ባያት ጥቁር ናት። ልጄ መጀመሪያ የባለቤቶቹን ጽሑፍ ታነብ ነበር። በኋላ ግን ጣቶቿ ሌላ ነገር መጻፍ ጀመሩ። ለማን እንደሆነ ሳትነግረኝ አወቅኩ። ዐረብ አገር የቀረች ጓደኛ አለቻት። የስልኩ ብርሃን ፊቷን ከሥር ሲያበራው የማላውቃት ሴት መሰለችኝ። «ተይው፣ ትንሽ ቆዪ» ልላት ፈለግኩ። የምሰጣት ነገር ግን አልነበረኝም። ሱቁ የእሷ፣ ምሰሶዋም የእሷ፤ የእኔ ፍርሃቴ ብቻ ነው።

መብራቱ የመጣው ዝናቡ አባርቶ ሲያንጠባጥብ ነው። ግቢው በሙሉ «እሰይ!» አለ። እኛ ግን አልተንቀሳቀስንም።

«እፈራለሁ» አለች። «አንተ ተጫናት።»

«እኔ ምን አውቄ?»

«ያቺን ክብ ነገር ብቻ።»

ተጫንኳት። ማራገቢያዎቹ ተነሱ። መብራቷ በራ። ስክሪኑ ጥቁር። ቀይዋ ቁጥር ወጣች፤ ሮጠች፤ ከዚያ አንዱ ላይ ቆመች። ልጄ «በቃ» አለች። ቁጭ ካለችበት ተነስታ ልትነቅላት እጇን ዘረጋች። ግን ራሷ አስታወሰች መሰለኝ፣ እጇን መለሰች። «ከታደሰ በኋላ መጀመሪያ ላይ ትዘገያለች ብለዋል ባለቤቶቹ። ብዙዎቹ ሞተች ብለው ነቅለው ነው የገደሏት ብለዋል። ግን ምን ያህል እንደምትዘገይ አልተስማሙም።»

«እንግዲያው እንጠብቃለና።»

«ሞታ ከሆነስ?»

«ሞታ ከሆነ የትም አትሄድም።»

እጇን ያዝኩ። እሷን ለማጽናናት መስሏት ይሆናል፤ እኔ የያዝኩት እንዳትነቅል ነው፤ ደግሞም እንዳልወድቅ። ቁጥሯ ቆማለች። ጎረቤቴ ደጃፉ ላይ መጥታ ቆመች፣ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ቁጥሯ ወደ ሌላ ዞረች። እንደገና ቆመች። ልቤ ሌላ ሰው ቤት የሚያንኳኳ ያህል ራቅ ብሎ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ቁጥሮቹ ተከታትለው ሮጡ፣ ስክሪኑ ላይ ነጭ ጽሑፍ ወጣ፣ ልጄ ጽሑፉን አንብባ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«ምን ይላል?»

«አዲሱ ነው ይላል። ሞልቶ ነበር። ሞልቶ ነበር እኮ፣ አባዬ!»

ጎረቤቴ እልል ብላ ወዲያው፣ «አሁን ሶኬታችንን እንመልስ?» አለች። ልጄ ሄዳ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። እኔ መቀመጫ ፈለግኩ።

ከዚያ ልጄ ያንን ሰርግ ከፈተች። ሙሽራዋ ከመኪናው ወረደች፤ ሁለተኛውም እግሯ ወጣ፣ ጓደኞቿ ቀሚሷን አነሱላት። ሦስታችንም ስክሪኑ ፊት ቆመን እንደ ዘመድ አየናት።

ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ያኔ ነው መልስ የመጣው፤ የድምፅ መልእክት ነው። ልጄ በእልልታው ስሜት ሳታስብ ተጫነችው፤ የጓደኛዋ ድምፅ ሱቁን ሞላው፦ «ቦታ አለ፤ ጥሩ ቤት ነው፤ የፓስፖርትሽ ጊዜ ካላለፈ ቶሎ ብለሽ ንገሪኝ።»

ልጄ ስልኩን ደፋችው። ወደ ስክሪኑ ዞራ ሙሽራዋን መቁረጥ ጀመረች። ጎረቤቴ አየችኝ፤ እኔም አየኋት።

ማዘርቦርዷ እስከ ዛሬ አልደረቀችም፤ ሥራውም እየሄደ ነው። ለጓደኛዋ መልስ ሰጥታት እንደሆነ ግን አልጠየቅኳትም። ስልኳ ጢጥ ባለ ቁጥር በመጀመሪያ የማየው ፊቷን ነው።